አሮጌ የእንጨት ቶርኖ ላይ ቪኤፍዲ ለምትገጥሙ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አሮጌውን ቶርኖ በቪኤፍዲ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ኸርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) እየቀየረ የሞተሩን ፍጥነት በሚያዝ ዕቃ፣ በቁልፍ ፍጥነቱ የሚስተካከል ልታደርጉት ስትነሱ፣ ባለ ደረጃውን ፑሊ አውጥታችሁ እንዳትጥሉ እለምናችኋለሁ። «ፍጥነቱን በጣቴ እያዞርኩ ከቀየርኩ ቺንጋ ማዘዋወር ለምኔ» የሚል ሐሳብ ብዙ ቶርኖ ጉልበት አሳጥቷል። ቪኤፍዲ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ የቀነሰውን በጉልበት አይተካም። በ50 ኸርዝ 1,400 ዙር የሚዞር ባለ 0.75 ኪሎዋት ሞተር በ25 ኸርዝ 700 ግድም ይዞራል፤ ኃይሉም አብሮ በግማሽ ይወርዳል። ፑሊው ግን ዙሩን በግማሽ ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱን እጥፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለትልቅ የዋንዛ ጎድጓዳ ሳህን መጀመሪያ ቺንጋውን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አውርዱ፤ ቁልፉ የሚያገለግለው ከዚያ በኋላ የሚስማማውን ዙር ለመፈለግ ነው። ከ20 ኸርዝ በታች ብዙ አትቆዩ፤ የሞተሩ ማራገቢያ በራሱ ሻፍት ላይ ስለሆነ እሱም አብሮ ይደክማል። ከ50 በላይ ደግሞ ቮልቴጁ አብሮ ስለማይጨምር ጉልበቱ ይሳሳል፤ ለአሮጌ ኩሽኔታ 75 ኸርዝ ይበቃል።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። ካፓሲተር የተሸከመ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ሞተር ከሆነ ቪኤፍዲ አትግዙለት። ዙሩ ሲቀንስ በውስጡ ያለው የማስነሻ ማብሪያ ተመልሶ ይገናኛል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራው የማስነሻ ጥቅል መስመር ላይ ይቀራል፣ ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን በስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) ሞተር ከመቀየር ሌላ መንገድ የለም።

220/380 ቮልት፣ 3.3/1.9 አምፔር የሚል ሰሌዳ ካገኛችሁ የምትፈልጉት ሞተር ነው። ከቤት መስመር 220 ቮልት የሚገባለት ቪኤፍዲ የሚያወጣው 220 ቮልት ስሪ ፌዝ ነው፣ 380 አይደለም። ሞተሩ ከስታር ወደ ዴልታ መቀየር አለበት፤ ሁለቱ የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች የሚገናኙባቸው መንገዶች ናቸው፣ ስታር ለ380፣ ዴልታ ለ220። የገመድ ሳጥኑን ክዳን ስትከፍቱ ስድስት ብሎን በሁለት ረድፍ ቆመው ታያላችሁ። ማገናኛዎቹ አንዱን ረድፍ በአግድም አያይዘውት ከሆነ ስታር ነው። ዳዶዎቹን ፍቱና ሦስት ማገናኛ በቁም አድርጉ፤ እያንዳንዱ የላይኛውን ብሎን ከታችኛው ጋር ያያይዝ። ይህን የረሳ ሰው ሞተሩ ባዶውን ደህና ይዞርለታል፤ መሮ ሲነካው ግን ይቆምበታል፣ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ወርዷልና። ቪኤፍዲው ላይ የምትሞሉት የሞተር አምፔርም ትልቁ ቁጥር፣ 3.3 ነው። ከሳጥኑ ሦስት ሽቦ ብቻ ከወጣ የስታሩ መገናኛ ጥቅሉ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጡት፣ በግምት አትቆፍሩት። በዚያው የጥቅሉን ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) አስለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ አድርቁት፤ ካልተሻለው አዲስ ሞተር ይሻላችኋል።

የቪኤፍዲው መጠን ላይ አገራችንን አትርሱ። እነዚህ ዕቃዎች ሙሉ አቅማቸው የተጻፈላቸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ 13 በመቶ ተቀነሰ ማለት ነው። ለ0.75 ኪሎዋት ሞተር የ1.5 ኪሎዋቱን ግዙ። ሰጋቱራ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት፤ ከላይና ከታች 10 ሴንቲሜትር አየር ተዉለት። የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀ ብናኝ ብዙ ጊዜ በሙቀት ያበላሸዋል።

በቪኤፍዲውና በሞተሩ መካከል ምንም ማብሪያ አይግባ። የድሮውን ማብሪያ ትታችሁት በሥራ መሃል ከተነካ ቪኤፍዲውን ሊገድለው ይችላል። ማስነሻና ማቆሚያ የሚታሰሩት በመቆጣጠሪያ ተርሚናሎቹ ላይ ነው። የመሬት ሽቦውን ከሞተሩም ከቶርኖው ብረትም አያይዙ። መስመሩን ዘግታችሁ ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ።

የፍጥነት ቁልፉ ባለ 10 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ ሦስት እግር አለው። ዳርና ዳሩ ወደ ቪኤፍዲው 10 ቮልትና ወደ ዜሮው፣ መሃሉ ፍጥነቱን ወደሚቀበለው አናሎግ መግቢያ። ወደ ቀኝ ስታዞሩት ፍጥነት ከቀነሰ የዳሮቹን ሽቦዎች አቀያይሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የዜሮው ሽቦ ከተበጠሰ መሃሉ 10 ቮልቱን ብቻ ያያል፣ ቶርኖውም ወደ መጨረሻው ፍጥነት ይፈተለካል። ሽቦው በብሎን ብቻ እንዳይያዝ በደንብ በየዱት፣ ከሞተሩ ገመድም አርቁት፤ የላይኛውን ኸርዝም ገደብ አብጁለት።

ቪኤፍዲው ላይ የማስነሻ ጊዜውን 6 ሰከንድ፣ የማቆሚያ ጊዜውን 10 ሰከንድ አድርጉ። ማቆሚያውን አሳጥሮ ከባድ እንጨት የሚያዞር ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። ሞተሩ ወደ ኋላ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ቪኤፍዲው በቮልቴጅ ብዛት ይዘጋል። ይባስ ብሎ የአሮጌ ቶርኖ ቻክ (እንጨቱን የሚይዘው) በጥርስ ስለሚጠመዘዝ፣ ሻፍቱ ቀድሞ ሲቆም ቻኩ በራሱ ክብደት እየተፈታ ይወጣል። ወደ ኋላ የማዞሪያውንም ትእዛዝ በዚሁ ምክንያት ቆልፉት።

ለዙሩ፣ የእንጨቱን ዲያሜትር በሴንቲሜትር ከዙሩ ጋር ስታባዙ ከ15,000 እስከ 22,000 ይሁን። ባለ 30 ሴንቲሜትር ሳህን ከ500 እስከ 700 ዙር ይበቃዋል፤ ያው ሳህን በ1,400 ቢዞር ጠርዙ በሰዓት 79 ኪሎሜትር ይሮጣል። ገና ያልተላገ፣ ሚዛን የሌለው እንጨት ከዝቅተኛው ይጀመር።

የመጨረሻውን ፈተና እንጨት ሳታስሩ አድርጉት። ቶርኖው እየዞረ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ የቪኤፍዲው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ መልሱት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሻፍቱ በራሱ ከተነሳ ሥራው አላለቀም። ማስነሻችሁ ተጭኖ የሚቀር ማብሪያ ነው ማለት ነው። ተጭኖ የሚመለስ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ በሦስት ሽቦ እሰሩ፣ መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳበትን ፓራሜትር ዝጉ፣ ፈተናውንም ድገሙት።