የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቀድሞ ወታደሮች የሚለገስ ብርድ ልብስ አሰፋፍ

ጥያቄ፦ ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ እየሰበሰብን ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ ብርድ ልብስ እንሰፋለን። የመጀመሪያው ሲታጠብ ግን በውስጡ ያለው ጥጥ ተሰበሰበ፤ ጠርዙም ተተረተረ። ምን ይሻለናል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥጡ የሚሰበሰበው ላዩ፣ ሙሌቱና ገበሩ በበቂ ስፌት ስላልተያያዙ ነው። ገበሩን በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍታችሁ ቁረጡና ሦስቱን ደርባችሁ ከወጠራችሁ በኋላ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየሄዳችሁ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ያዙት፤ በቋሚው ስፌት መስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ከአንድ መዳፍ ባይበልጥ ይመረጣል። ለጠርዙ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ለሁለት አጥፋችሁ፣ ያልታጠፈውን ወገን ከፊት በኩል በስፌት መኪና ስፉ፤ ከዚያም እጥፉን ወደ ኋላ ገልብጣችሁ በእጅ ዘምዝሙት። በእጅ መዘምዘሙ ጊዜ ቢወስድም ውበቱም ጥንካሬውም ያለው እዚያ ላይ ነው። የጥጥ ጨርቅ ስለሚሟሽሽ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው «ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር» ከ140 በ165 ሳንቲ ሜትር ያነሰ አይቀበልም፤ እኛ ግን የአዲስ አበባን የክረምት ብርድ አስበን፣ የረጅም ሰው እግር ውጭ እንዳይቀር ርዝመቱን እስከ 2 ሜትር ብታደርሱት እንመርጣለን።