«ዕቃውን እንዲያነሳ ቡድን ተልኳል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአሜሪካ አየር ኃይል የድሮ ሰነድ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1965 ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ኬክስበርግ በምትባል መንደር አንድ ነገር ከሰማይ ወደቀ ይባላል። ሰነዱ እሳት ያስነሳውን ዕቃ መርምሮ እንዲያነሳ የሦስት ሰው ቡድን መላኩን ይናገራል። መንግሥት ራሱ «ዕቃ» ካለ፣ ወድቋል ማለት አይደለም? እርስዎ ዕድሜዎን መዝገብ ቤት ስላሳለፉ ነው የምጠይቅዎ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅልፍህንስ አትጣ። መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ።

መዝገብ ቤት ሳለሁ «የተገለበጠውን መኪና የሚያነሳ ቡድን ተልኳል» የሚል ማስታወሻ እጄ ገባ። መኪናው ግን ንብረት መዝገብ ላይ የለም። አለቃዬ ተቆጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አቧራ እየቃምኩ ፋይል ስገለብጥ ከረምኩ። በመጨረሻ ከዚያው ማስታወሻ ጀርባ መዳፍ የምታህል ብጣሽ ወረቀት ወጣች። የዛገ ስፒል አጣብቋት ኖሯል። «ቦታው ድረስ ሄደን መኪና አላገኘንም» ትላለች። አለቀ!

አንተ ያነበብከውም የመላኪያ ማስታወሻ ነው። የደወለው ሰው «አንድ ነገር ወድቆ እሳት አስነሳ» ካለ፣ ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው። አይቶ አይደለም። እዚያው ፋይል ውስጥ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ቡድኑ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፈልጎ ምንም እንዳላገኘ ይናገራል። ይቺን ገጽ ማንም ቆርጦ አያሰራጫትም።

ሰማይ ላይ አንድ ነገር መታየቱ ግን አያጠራጥርም። ከቀኑ 10፡45 ገደማ የእሳት ኳስ በብዙ ግዛቶችና በካናዳ ታይቷል። የተወው የጭስ ዱካ ከሚሺጋን ፎቶ ተነስቷል። የአየር ኃይሉ መደምደሚያ ተወርዋሪ ኮከብ ነው የሚል ነበር፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲነድ፣ የሚያየው ሁሉ «ከዚያ ጉብታ ጀርባ ወደቀ» ይላል። በሌላ ከተማ ያለውም ያንኑ ይላል።

«የሶቪየት መንኮራኩር ነው» የሚሉም አሉ። ወደ ቬነስ ልትሄድ ታስባ ከምድር ምህዋር መውጣት ያቃታት ኮስሞስ 96 በዚያው ዕለት ተመልሳ ወድቃለች። ግጥምጥሞሹ ያጓጓል፣ እኔንም አጓጉቶኝ ነበር። ሰዓቱን ስታይ ግን አይሆንም። እሷ የወረደችው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ በካናዳ በኩል ነው። ከእሳት ኳሱ በፊት 13 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው።

የመንደሩ ሰዎችን ግን ውሸታም አልልም። ወታደሮች ጫካውን እንደዘጉ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ሾጠጥ ያለ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ የሚመስል መኪና የሚያህል ነገር በካሚዮን እንደተጫነ የተናገሩ አሉ። ለቴሌቪዥን ዝግጅት የተሠራው ሞዴሉ አሁንም እዚያው መንደር ቆሟል። ብዙው ምስክርነት የተሰጠው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ናሳ ሰነዶቹ ጠፍተዋል በማለቱ ነገሩን አባብሶታል። ጋዜጠኛዋ ሌስሊ ኪን እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰሰችው፤ በ2007 እንደገና ሊፈልግ ተስማማ። ነገሩን የሚቆርጥ ወረቀት አልወጣም። መዝገብ ሲጠፋ እኔም ይከፋኛል። ቢሆንም የጠፋ ፋይል ውስጥ ያሰብነው ነገር ነበረ ብለን መማል አንችልም። ፋይል በስንፍናም ይጠፋል፤ እኔን ጠይቀኝ።

በእርግጥ የወደቀ ነገር ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ ማኒቶዎክን እይ። ዊስኮንሲን ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ስፑትኒክ 4 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር ቁራጭ መንገድ መሃል ወደቀ። ሁለት ፖሊሶች ተራ ብረት መስሏቸው ወደ ጠርዝ ገፋ አደረጉት። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባቸው። 9 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ተመረመረ፣ ታወቀ፣ በጥር 1963 ለሶቪየቶች ተመለሰ። የወደቀበት ቦታ ላይ ዛሬም የነሐስ ቀለበት አለ። ልዩነቱ ታየህ? እዚህ ክብደት አለ፣ ምርመራ አለ፣ ርክክብ አለ። ኬክስበርግ ላይ ያለን የመላኪያ ማስታወሻ ብቻ ነው።

መቀጠል ከፈለግህ የፕሮጀክት ብሉ ቡክን ፋይል ሙሉውን ፈልግ፤ አየር ኃይሉ ሰማይ ላይ ታዩ የተባሉ ያልታወቁ ነገሮችን ይመረምርበት የነበረ ፕሮግራም ነው። አየር ኃይሉ እስከ 1969 ድረስ 12,618 ጥቆማ ሰብስቧል፤ 701ዱ ሳይፈቱ ቀርተዋል። መዝገቡ አሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ለማንም ክፍት ነው። ስታነብ ሰዓቶቹን ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይራቸው። አጠገቡ «ዜድ» የተጻፈበት የግሪኒች ሰዓት ነው፤ ከፔንሲልቬንያ በክረምት 5 ሰዓት ይቀድማል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሌላ የሚያስደነግጥ ገጽ ካገኘህ ላክልኝ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ገጾች ግን አብረህ።