ጥያቄና መልስ፦ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ሚኒ ኮምፒውተሯ ውስጥ አልገባ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሰራው፣ ጥር ከገባ ጣና ዳር ሙሽራው ወረፋ ነው፣ በፎር ኬ ስለምንቀርጽ ደግሞ ቦታ አይበቃንም። ዩዝድ ሚኒ ኮምፒውተር ገዝቼ ፋይል ማጠራቀሚያ ላደርጋት አስቤ ነበር ግን የምትቀበለው የላፕቶፕ ዲስክ ብቻ ነው፣ እኔ ጋ ያለው የዴስክቶፑ 8 ቴራ። ፖሊ የሚማር ጎረቤቴ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚሰራ ስሪዲ ፕሪንተር ስላለው ኬዟን ቆርጠን የጎደለውን ፕሪንት እናርገው ይለኛል፣ ያዋጣል? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ያዋጣል ወንድሜ፣ መቁረጡን ግን ተወው። የነዚህ ሚኒዎች ቁመት 3.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ያንተ ዲስክ ውፍረቱ ብቻ 26 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወርዱ 101.6 ርዝመቱ 147 ነው፣ ማዘርቦርዱና ፋኑ ባሉበት የት ልታስተኛው ነው? ጎረቤትህ ከስር የምትሆን ሳጥን ይስራልህ፣ ዲስኩ እዛ ውስጥ ይተኛል ሚኒዋ እንዳለች ላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ከኋላ በቆርቆሮ የተደፈነች ትርፍ ቀዳዳ ካለች በሷ አውጥተህ ታወርደዋለህ፣ ከ1 ሜትር አይብለጥ።

ኬዙ እንደውም ቀላሉ ነው፣ ሰው የሚቸገረው ፓወሩ ላይ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ በ5 ቮልት ብቻ ስለሚሰራ ሚኒዋም ለዲስክ የምትሰጠው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ብቻ ነው፣ ትልቁ ግን ሞተሩ 12 ቮልት ይፈልጋል ሲነሳ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 2 አምፔር ይስባል፣ ስለዚ ማራዘሚያ ሰክተህ ብትጠብቅ ጭራሽ አይዞርም። ከቻርጀሯ ቀጥታ ልስጠው እንዳትል ደሞ፣ እሱ 19 ወይ 20 ቮልት ነው፣ ዲስኩን ከነሙሽሮቹ ታቃጥለዋለህ። ወይ ወደ 12 እና ወደ 5 የሚያወርድ ኮንቨርተር ታስገባለህ፣ ያኔ 65 ዋት ቻርጀር ስለሚጨናነቅ ሚኒዋ የምትቀበል ከሆነ በ90 ቀይረው። እኔ ብሆን ግን ከሳታ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ጋር አብሮ የሚሸጠውን 12ም 5ም የሚያወጣ አዳፕተር ነው የምጠቀመው፣ መጀመሪያ እሱን አብርተህ ከዛ ኮምፒውተሯን።

ሳጥኗ የምትሰራበት የፕሪንተር ፕላስቲክ ፒኤልኤ የሚባለው አይሁን፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፔትጂ የሚባለው እስከ 80 ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ነው፣ ስለዚ ሳጥኗ ግራና ቀኟ ክፍት ይሁን አንድ ትንሽ ፋንም አይጥፋት፣ ብዙ ፋይል ስትገለብጥ ዲስኩ ከ50 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ቡሎኑ የላፕቶፑ ዲስክ አይነት አይደለም፣ እሱ ይቀጥናል አይነክስም፣ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኬዝ ላይ ዲስክ የያዘውን ፈተህ ውሰድ። ከቡሎኑ ስር የባጃጅ ከመነዳሪ ክብ ክብ አርገህ ቆርጠህ ብታስገባ ንዝረቱ ጠረጴዛው ላይ አያጉረመርምም። ሳጥኗን በሙሉ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቀዳዳዎቹን ብቻ የያዘች ስስ ሳህን ፕሪንት አርጋችሁ ዲስኩ ላይ ለኩ፣ ካልገጠመች የሚባክነው ትንሽ ፕላስቲክ ነው።

አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ የራሱ ፓወር ያለው የዩኤስቢ ዶክ (ዲስኩ የሚሰካበት ማስቀመጫ) ቢበቃህም ሰሪ እጅ አይቀመጥም መቼስ። የሙሽሮቹን ፋይል ግን አንድ ዲስክ ላይ ብቻ እንዳትተወው፣ ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ እኔም ለዲስክ ማቀፊያ በፔትጂ ስሰራ በጋ ላይ ቆንጆ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ክር ክር እያለ ይወጣል፣ የፕሪንተሩ አፍንጫም ቲስ ቲስ ይላል። ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ፕላስቲኩ እርጥበት ጠጥቶ ነው፣ ሐምሌ ላይ ጣና አጠገብ ክፍት ትተሽው ምን ይሁን። 65 ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አድርቂውና ስትጨርሺ በሚዘጋ ባልዲ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስበሽ ጨምሪበት። የእንጀራ ምጣድ ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ጥቅልሉ ራሱ ይጣመማል።