ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ያልያዘች ላም

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የፎገራና የሆልስታይን ዲቃላ ላሜ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። ጠዋት ስትጮህ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያ እጠራለሁ፤ ወዲያው መጥቶ ያዳቅላታል። ዘሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰዓቱን ነው። መጮህ ብቻውን የድራት (ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) ማረጋገጫ አይደለም። እርግጠኛው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። ታስራ የምትውል ላም ይህን ልታሳይ አትችልም፤ ስለዚህ ማለዳና ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፈትተው ከሌሎች ጋር ይልቀቋት። እንቁላሉ የሚወርደው ድራቱ ካበቃ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ቆይቶ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ጠዋት ከቆመች ያኑ ዕለት ወደ ማታ፣ ማታ ከቆመች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል።

ጭራዋ ላይ ደም ካዩ ድራቱ ካለፈ ከ1 እስከ 3 ቀን ሆኖታል። ያን ቀን አያስዳቅሏት፤ ቀኑን መዝግበው ቀጣዩን ድራት ለመያዝ ከዚያ በኋላ ከ16ኛው ቀን ጀምሮ በንቃት ይከታተሏት።

ስለ ዘሩ ደግሞ፣ ስትሮው (ዘሩ ያለበት ቀጭን ቱቦ) በረዶ ሆኖ ከሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ መቆየት፣ ከዚያም በሚገባ መድረቅ አለበት። ጥቂት የውሃ ጠብታ እንኳ ዘሩን ይገድላል። በጎንደር ማለዳ ብርድ ማዳቀያው መሣሪያ ቀድሞ ካልሞቀም እንዲሁ።

በድራት ወቅት የሚወርዳት ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ይላል። ደፍርሶ ወይም መግል ቀላቅሎ ከታየ የማህፀን ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም ከአራተኛው ሙከራ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት።