ጥያቄና መልስ፦ የአርቲስቶች ምርጫ እንዴት ፍትሐዊ ይሁን?

ጎንደር ውስጥ ለሰዓሊያንና ለሙዚቀኞች በሚወጡ ጥሪዎች ላይ ለተወሰኑ ዓመታት በዳኝነት ተቀምጫለሁ። የጠየቃችሁኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አጎቴ አዝማሪ ነው። ፎርም መሙላት ስለማይችል ሁሌም ይቀራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጥፋቱ የፎርሙ ነው። አዝማሪ ሙያውን የሚማረው ከቤተሰቡ፣ በጆሮው ነው። አንድ ሽማግሌ «የጥበብ ራእይዎን በ500 ቃላት ይግለጹ» የሚለውን ወረቀት አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምታስጽፈኝ አንዴ ብጫወትልህ አይሻልም?» አሉኝ። ማሲንቋቸው ጉልበታቸው ላይ ነበረች። ደንቡ በጽሑፍ ብቻ ስለሚል ሳይጫወቱ ሄዱ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በዳኝነት ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ማመልከቻ በድምፅ ይቀበሉ እንደሆነ ነው። የሦስት ደቂቃ ጨዋታና ምን ሊሠራ እንዳሰበ የሚናገርበት አጭር ቅጂ በቴሌግራም ቢልክ ለዳኛ ይበቃል። አጎትህ ይህን አዘጋጆቹን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አንተም አብረኸው ሂድ።

ጥያቄ፦ ቀነ ገደቡ በሰዓት ስህተት አመለጠኝ።

መልስ፦ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር 12፡00 የተባለው ቀትር ለእኛ 6 ሰዓት ነው፤ የምሽቱ 12 መስሎት የጠበቀ ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። ጥሪው ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ደግሞ ጥር ላይ ባይሆን! ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ሠርጉም ያኔ ነው፤ አዝማሪው እንጀራውን ትቶ ለፈተና አይመጣም።

ጥያቄ፦ ዳኛው የራሱን ተማሪ ቢያሳልፍስ?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ኦርኬስትራዎች ተፈታኙን ከመጋረጃ ጀርባ ያስጫውቱ ነበር። ለሙዚቃ እኛም ብንሞክረው ደስ ይለኛል። ለሥዕል ግን ስም መሸፈን ብቻ አይበቃም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ የሰዓሊውን እጅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዝምድና ወይም የመምህርና የተማሪ ግንኙነት ያለው ዳኛ ተራው ሲደርስ ከክፍሉ ይውጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ነጥብ አሰጣጡ ደግሞ ከጥሪው ጋር አብሮ ይውጣ። ሥራዎቹን ካየን በኋላ የወጣ መስፈርት አንድን ሰው ለማሳለፍ የተሰፋ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የመመዝገቢያ ክፍያ ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከደምቢያ የሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። ፈተናው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

መልስ፦ አዝናለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ይህን ጠቅሰህ በጽሑፍ አመልክት። ምድር ቤት ክፍል ማዘጋጀት ወጪ የለውም፤ ማመልከቻው ላይ «ምን እንዲመቻችልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወደቅሁ፣ ምክንያቱን ግን የነገረኝ የለም።

መልስ፦ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። እኔ ለወደቀ ሁሉ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ ምኑ ጥሩ እንደነበረ፣ ነጥቡ የት ላይ እንደጎደለ። ስልክ ለሌለው ወይም ለማያነብ ደግሞ ጠርቼ በአፌ እነግረዋለሁ።