ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሁለት የኮርቲዞል ውጤት፣ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባንክ ውስጥ በገንዘብ ከፋይነት እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ልቤም ድንገት በኃይል ይመታል። «የጭንቀት ሆርሞን» ልመርመር ብዬ ከጠዋቱ 2፡30 ደም ሰጠሁ፤ ኮርቲዞል 17 ሆኖ ጤናማ ነሽ ተባልኩ። አላመንኩም። በሳምንቱ ከሥራ ስወጣ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ላቦራቶሪ ብሄድ 4.1 ሆኖ ጎኑ ላይ «ዝቅተኛ» ተጻፈበት። የትኛው ነው ትክክል? በምራቅ ቢለካስ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የተሳሳተው «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ኮርቲዞል ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው። ንጋት ላይ ከፍ ይላል፤ ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበልጥ ይጨምራል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከሁሉም ያንሳል። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚያትሙት «ከ5 እስከ 25 ማይክሮግራም በዴሲሊትር» የሚለው ወሰን የጠዋት ነው። የ11 ሰዓት ደም በዚያ ከተመዘነ ብዙ ጤነኛ ሰው በሽተኛ ይባላል።

ስለዚህ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ያልተጻፈበት የኮርቲዞል ውጤት ለእኔ ጎደሎ ነው። ማዘዣ ላይ «8፡00» ብለን በፈረንጅ አቆጣጠር የምንጽፍ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን፤ ታካሚው ከቀኑ 8 ሰዓት ቢመጣ አይፈረድበትም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ምራቅን በተመለከተ፣ በደም ውስጥ ካለው ኮርቲዞል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ነው። እርግዝናና ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ይህን ፕሮቲን ስለሚጨምሩ የደሙ ቁጥር ያለ በሽታ ይንራል። ወደ ምራቅ የሚያልፈው ግን ነጻው ብቻ ነው። የምራቅ ምርመራ ዋና ጥቅሙ ኮርቲዞል ከመጠን በላይ የሚመነጭበትን የኩሺንግ በሽታ ለመለየት ነው፤ ከምሽቱ 5 እስከ 6 ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ምሽቶች ይወሰዳል። ድድዎ ከደማ ወይም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ከሆኑ አያስተማምንም። የ24 ሰዓት ሽንትም ለዚሁ ያገለግላል፤ የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለው አንድም ሳይቀር ይጠራቀማል።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኮርቲዞልን የሚለዩት እሱን እንዲይዝ በተዘጋጀ፣ አንቲቦዲ በሚባል ፕሮቲን ነው። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን በቅርጹ ኮርቲዞልን ስለሚመስል አንቲቦዲው ይሳሳትና አብሮ ይቆጥረዋል። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባለው ዘዴ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ስለሚለይ በዚህ አይታለልም፤ ግን ውድ ነው፣ በየላቦራቶሪውም አይገኝም። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ የሚያሳስቱት በሌላ መንገድ ነው። በቆዳ ሰርገው ገብተው ዕጢውን ሊያስተኙት ይችላሉ፤ ሰውነት በስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲዞልን በሚመስል መድኃኒት፣ ተሞልቶ ሳለ ወረቀቱ «ዝቅተኛ» ይላል። እንዲህ ያለ ቅባት ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙ በድንገት አያቁሙ፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

17 መሆኑ ጭንቀትዎ የለም ማለት አይደለም። ይህ ምርመራ የዕጢን ሕመም እንጂ የልብን ሐሳብ አይለካም። ፊትዎ ካላበጠ፣ ሆድዎ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ካልወጣ፣ ቆዳዎ ካልጠቆረ፣ ካልከሱ፣ ሲነሡ ካላዞረዎት ሦስተኛ የኮርቲዞል ምርመራ አያስፈልግዎትም። ለልብ ምትዎና ለእንቅልፍዎ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይቀድማሉ፤ ስለ ሥራዎና ስለ ቤትዎ ረጋ ብሎ መነጋገርም እንዲሁ። ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱ ሁለቱንም ወረቀቶች፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የሚቀቡትን ቅባት ሁሉ ይዘው ይሂዱ።