«ታሪክ ተምሬ ፋብሪካ ምን ላደርግ?»

ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። በታሪክ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ የእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች በሠራተኛው ኑሮ ላይ ስላመጡት ለውጥ ነው። ሐዋሳ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለሰው ኃይል ረዳትነት ጠራሽ። ጠያቂዎቹ «ይሄ ጽሑፍ ለኛ ምን ይጠቅመናል?» ሲሉሽ አፈርሽና ዝም አልሽ። እንዲያም ሆኖ ለሁለተኛ ዙር ጠርተውሻል። አባትሽ ግን «ይህን ሁሉ ተምረሽ የስፌት ልጆች ልትቆጥሪ?» ይላሉ። ደሞዙም ትንሽ ነው።

እኔን ያናደደኝ ዝምታሽ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካንቺ የተሻለ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ስትመልሺላቸው በጄምስ ዋትና በእንፋሎት ሞተሩ እንዳትጀምሪ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። በዋጋ ጀምሪ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጉልበት ውድ፣ የድንጋይ ከሰል ርካሽ ነበር። ስለዚህ ማሽን መትከል አዋጣ። (ርካሹ እጅ ውቅያኖስ ማዶ ጥጥ የሚለቅመው ባሪያ ነበር፤ እሱንም አትዝለይው።) ወደኛ የመጡት የልብስ ፋብሪካዎች ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። የመጡት ጉልበት ርካሽ ነው ተብሎ ነው። እንግዲህ ዋናው ነገር የስፌት ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ገና እጃቸው ሳይፈታ ይለቃሉ። ፋብሪካው የሚያስፈልገው ለምን እንደሚለቁ የሚገባው ሰው ነው።

ኤልሳቤጥ ቤንትሊን አስታውሻት፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ቃሏን የሰጠችውን የሊድስ ልጅ። ፈትል ፋብሪካ የገባችው በ6 ዓመቷ ነው። ሥራዋ ክር የሞላውን ቦቢን ነቅሎ ባዶውን መተካት ነበር። ሥራ ሲበዛ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆማለች። ለምሳ 40 ደቂቃ። ከዘገየች በጠፍር ትገረፋለች። ገበሬ ልጁን ድሮም ያሠራ ነበር። አዲሱ ነገር ሰዓቱ ነው። በፀሐይና በዝናብ ሲተዳደር የኖረ ሰው በደወል መነሣትን የተማረው በቅጣት ነው። በ1833 የልጆችን የፋብሪካ ሥራ የሚገድብ ሕግ ወጣና 4 የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ከእነሱ መካከል ብዙም ሳይቆይ ስሙ የገነነው ሊዮናርድ ሆርነር የሥነ ምድር ሰው ነበር፤ ድንጋይ የሚያጠና! ከ20 ዓመት በላይ ሠራበት። አንቺ በታሪክ ታፍሪያለሽ።

እኔም ሥራ የጀመርኩት አንድ ፈትል ፋብሪካ፣ ፐርሶኔል ክፍል ነው። በር ላይ ቆሜ ያረፈደ እመዘግባለሁ። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ አረፈደች። ምክንያት በሚለው ቦታ «ስንፍና» ብዬ ጻፍኩና ደሞዟን አስቆረጥኩ። በአራተኛው ቀን አልመጣችም። ለአራት ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል ስልክ የነበራት አንዷ ብቻ ነበረች፤ የምትቀሰቅሳቸውም እሷ። ለካ የእሷ ሺፍት ወደ ማታ ተቀይሮ ኖሯል። ይህን የነገረችኝ የጥበቃዋ ሴትዮ ናት፣ ከወር በኋላ። ያን ጊዜ ያንቺን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አጠገቤ ቢኖር እላለሁ።

አባትሽን በአክብሮት፣ ተሳስተዋል። የባንክ ማስታወቂያ እስኪወጣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ክብር አይደለም። ለጎረቤት የሚነገር የሥራ ስም ቤት ኪራይ አይከፍልም።

ደሞዙን ከመፈረምሽ በፊት ከኪራዩ ጋር አስይው። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ የደሞዝ ወለል የለም፤ ስለዚህ ሰርቪስና ምሳ አለ ካሉሽ ውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቂ። ለቤት ገንዘብ መላኩ ስድስት ወር ይቆይ። እናትሽን ግን ራስሽ አስረጃቸው፣ እኔ የለሁበትም።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ባለፈው ወር ስንት ልጅ እንደለቀቀ ጠይቂያቸው። ቀጥለሽም፣ ሲወጡ ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ካለ።